ከአራዳ እስከ እንጦጦ፦ መስኩ ያለ፣ በረዶው የቀለጠ መንገድ

ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር




በየመሥሪያ ቤታችንና በየመኖሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ተሰቅሎ የኖረ አንድ ሥዕል አለ። ይህን ሥዕል ይዞት የሚመጣው ከአውሮፓ የሚላከው የቀን መቁጠሪያ ነበር። ከግርጌው ቢጫ፣ ነጭና ሐምራዊ አበባ የሞላበት መስክ፣ ከመካከሉ ቀጭን የእግር መንገድ፣ ከራስጌው ደግሞ ግግር በረዶ የተሸከመ ተራራ ይታይበታል። ዓመቱ አልፎ ወረቀቱ ዋጋ ካጣ በኋላ እንኳ ሥዕሉን አውጥቶ ለመጣል የሚጨክን ሰው ጥቂት ነበር። በሥዕሉ ላይ የሚታየውም መንገድ በእርግጥ ያለ መንገድ ነው፤ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ተራሮች ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይደክም የሚሄድበት፣ አበባ እየረገጡ በረዶ የሚያዩበት የበጋ መንሸራሸሪያ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ እግር ጉዞና ስለ ተፈጥሮ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ያሰብሁት ይህን ሥዕል ነበር። ጥያቄዬም፦ እኛስ እንዲህ ያለ መንገድ አለን ወይ? የሚል ነው። መልሴ በሁለት ይከፈላል። የሥዕሉ ታችኛው ግማሽ፣ ማለት የአበባው መስክ፣ ከዚህ ከአራዳ ተነሥቶ በግማሽ ቀን የእግር ጉዞ የሚደረስበት ነው። ላይኛው ግማሽ፣ ማለት ግግር በረዶው፣ በሀገራችን ነበረ፤ ነገር ግን ማንም ሳይጽፈውና ሳይመዘግበው ቀልጦ አልቋል። ዛሬ ልናገር የምፈልገው ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ግንኙነት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከመነሻው እንጀምር። መነሻችን አራዳ ጊዮርጊስ ይሁን። ቤተ ክርስቲያኑ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ እንደ መሆኑ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃም የከተማችን ታላላቅ ቅርሶች ከሚባሉት አንዱ እንደ መሆኑ፣ ለመንገደኛ የሚሆን ጥሩ ምልክት ነው። ከፊት ለፊቱ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ በአቅራቢያውም በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛል። የአራዳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የምንሄድበት የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ እንወጣለን ማለት ነው። አትደንግጡ፤ ወደ መጨረሻው ቀላሉን መንገድ አመለክታችኋለሁ።

ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ይወረድና ወንዙን ተሻግሮ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ይወጣል። በዚህ ስፍራ በአንድ ወገን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ በሌላው ወገን ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ከዚያ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ሽሮ ሜዳ ይደረሳል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔው ሰፈር ነው፤ በጳጉሜን ወር የሚያልፍበት ሰው የሀገር ልብሱ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ፣ ጥለቱ በነፋስ ሲወዛወዝ እያየ ዘመን መለወጡን ያውቃል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን የከተማው ድምፅ እየራቀ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣና የባሕር ዛፉ ሽታ ሰውን ይቀበለዋል።

ስለ ባሕር ዛፍ ጥቂት መናገር የግድ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ዱር ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ሊያልቅ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ከተማይቱን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው፣ በምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስለሆነም የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሲረግሙ ለሚውሉ ወዳጆቻችን መጀመሪያ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ዛፍ ባይኖር ዛሬ ስለ አራዳ የምንነጋገረው ነገር እምብዛም ባልኖረ ነበር የሚል ነው። ነገር ግን እውነቱ ሁለት ገጽ አለው። ባሕር ዛፍ በተጨናነቀበት ሥፍራ ከሥሩ ሣርና አበባ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ቅጠሉም መሬቱን ይሸፍነዋል። በዚሁ ቁልቁለት ላይ ለብዙ ዘመን የማገዶ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ታይተዋል። ሽቅብ ለመናፈስ የሚወጣ ሰው ቁልቁል ለእንጀራ የሚወርደውን ሰው መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ማንም ሊነግረው አይገባም።

ከዳገቱ ራስ ላይ እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከማርያም ወደ እንጦጦ ራጉኤል የሚወስደው የተራራው ጀርባ ግን ዳገት የለበትም ማለት ይቻላል፤ ቀላሉ መንገድ እላችሁ የነበረውም ይኸው ነው። ጉልበቱ የማይፈቅድለት ሰው እስከ ማርያም ደጃፍ በመኪና መጥቶ ከዚያ በእግሩ ቢሄድ የጉዞው ፍሬ አይቀርበትም። ሲሄድም በግራውና በቀኙ ያለውን ልብ ብሎ ይመልከት። የእንጦጦ ጀርባ ውሃ ከፋይ ነው። በደቡቡ በኩል የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ የከተማችን ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል። በሰሜኑ በኩል የሚወርደው ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ ደመና ያዘነበው ውሃ ከአንድ ተራራ ላይ ተለያይቶ፣ አንዱ ወደ በረሃ፣ አንዱ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይጓዛል። ይህን በካርታ ላይ ያየው ብዙ ሰው ነው፤ በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ የቆመበት ግን ጥቂት ነው።

ሰማዩ ሲጠራ በደቡብ በኩል የሚታየው የሚያስደንቅ ነው። ከተማይቱ ከእግር በታች ተዘርግታ፣ ከወዲያ በምዕራብ ወጨጫ፣ ቀጥሎ ፉሪ፣ በምሥራቅ የረር፣ ከሁሉም ርቆ ደግሞ በራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመው፣ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ዝቋላ ይታያሉ። ሁሉም በአንድ ወቅት እሳት የተፉ ተራሮች ናቸው። የስዊዝ ተራሮች በረዶ ቢሸከሙ፣ የእኛዎቹ ከእሳት ተወልደው ደመና ይሸከማሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ አለ። በመስከረም ወር የምንፈልገው መስክ ይኸው ነው፤ እንዲሁም ባሕር ዛፍ ያልደረሰበት የተራራው ጀርባ ገላጣ ሥፍራ ሁሉ።

አሁን ወደ አበባዎቹ እንምጣ። ሁሉን የሚቀድመው አደይ አበባ ነው። አደይ የኑግ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ታላቅ የዕፅዋት ቤተ ሰብ ይወለዳሉ። ዝርያው በሀገራችን ደጋ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ዕድሜው የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ በክረምቱ ጭጋግ አድጎ፣ ዝናቡ ሲያባራ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። እንግዲህ በሚመጣው ዓመት የምናየው አደይ፣ ዘንድሮ ያየነው አደይ ሥር ሰድዶ የቆየ አይደለም፤ ከወደቀው ዘር አዲስ ሆኖ የበቀለ ልጁ ነው። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ከአደይ ጋር ተቀላቅሎ መጭ ያብባል፤ እርሱም ቢጫ ነው፤ ገበሬው እንደ አረም ቢቆጥረውም ንብ አትንቀውም። ከሣሩ መካከል ማገጥ አለ፤ ከብት ይወደዋል፣ የማገጥ ማርም የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የማገጥ ዓይነት ከሚበዛባቸው አንዷ ናት። በየጥሻው ጥግ እሾሃሙ ቀጋ ይገኛል፤ ነጭ አበባውን ያየ ሰው ሁሉ ጽጌ ረዳ መሆኑን ያውቀዋል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው ጽጌ ረዳም እርሱ ነው። ከፍ ካለው ሥፍራ ላይ ቢጫ አበባ ያለው አምጃና አስታ ይታያሉ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ውስጥ ደግሞ አሮጌው ጽድ እስከ ዛሬ ቆሞ፣ እንጦጦ ከባሕር ዛፍ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር ይመሰክራል። የሀገር ዕፅዋትን በስም ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ አለፍ ብሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙትን፣ ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢጎበኝ ይጠቀማል።

ለጉዞው የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። በጠዋት መነሣት፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራውን ስለሚሸፍነው ነው። ጭቃ የማያንሸራትተው ጫማ፣ ጋቢ ወይም ካፖርት፣ ውሃና ዳቦ መያዝ። ቁጥርን በዛ አድርጎ መሄድና ሳይመሽ መመለስ፤ እንጦጦ የጅብ አገር መሆኑ ዛሬም አልቀረም። ደግሞም ቀስ ብሎ መራመድ። ታዋቂዎቹ ሯጮቻችን በዚሁ ዳገት ላይ ሲሮጡ ስታዩ አትቅኑባቸው፤ እነርሱ ሳንባቸውን ሊያሠለጥኑ፣ እኛ ዐይናችንን ልናሠለጥን ነው የወጣነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ እስከዚህ ድረስ ስለ መስኩ ተናገርሁ። አሁን ስለ በረዶው ልናገር።

ቋንቋችን ለበረዶ ጉዳይ ስስታም ይመስላል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በተራራ ላይ የሚጋገረውንም በረዶ እንላለን፤ ሌሊት በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን አመዳይ፣ የሚያቃጥለውን ብርድ ውርጭ እንለዋለን። ይሁን እንጂ ነገሩ ለሀገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ከተማ ካገኘው የድንጋይ ዙፋን ላይ ገልብጦ ያስቀረው የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ስሜን ሰዎች በዘመተ ጊዜ፣ ተራራው በረዶና ውርጭ እንደማይለየው፣ በረዶውም እስከ ጉልበት እንደሚያሰጥም ይተርካል። ስለ ሀገራችን አየር ጠባይ ከተጻፉት ምስክርነቶች ሁሉ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

ይህ ግን የሚወርድና የሚቀልጥ በረዶ ነው። ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ፣ እየተጋገረና በክብደቱ ቁልቁል እየተንሸራተተ የሚኖረው ግግር በረዶም በሀገራችን ነበረ። በስሜን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚወጣው በራስ ደጀንና በቧሂት አካባቢ፣ ግግር በረዶ ገፍቶ የከመረው የድንጋይና የአፈር ክምር እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ የሚበልጠው ግን በባሌ ነበር። ሳይንቲስቶች የድንጋዮቹን ዕድሜ መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ በሳነቴ አምባና በዙሪያው ባሉት ሸለቆዎች ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር። ዛሬ ጅብራ የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት ሜዳ ያን ጊዜ በረዶ ነበር።

እጅግ የሚያስደንቀው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በባሌ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው በፊንቻ ሀበራ ዋሻ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ውስጥ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው፣ ለበረዶው ቅርብ ከሆነው ሥፍራ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ባለ ከፍታ የሰው ልጅ ከኖረባቸውና ከታወቁት ሥፍራዎች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። እንግዲህ የቀን መቁጠሪያውን ሥዕል ሙሉውን ያዩ የዚህች ምድር ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ ከዋሻቸው ወጥተው፣ በሣር መካከል ተራምደው፣ ቀና ሲሉ ግግር በረዶ ያዩ ነበር። እንደ እኛም ለሽርሽር አይደለም፤ ለባልጩትና ለምግብ ነው።

በረዶው የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ቀለጠ። ማንም አልጻፈውም፤ ጽሕፈትም አልነበረም። እኛ ያወቅነው ድንጋይ አንብበን ነው። ዛሬ በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። የኪሊማንጃሮው በረዶ እ.ኤ.አ. በ1912 በካርታ ሲለካ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲለካ ከዚህ 85 ከመቶ ያህሉ ጠፍቶ ተገኘ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ እነዚህ የአፍሪካ በረዶዎች እስከ 2050 ድረስ ሊጠፉ እንደሚችሉ አስታውቋል። በባሌና በኪሊማንጃሮ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። ሁለቱም በረዶዎች ቀላጮች ናቸው። ነገር ግን የኪሊማንጃሮው መቅለጥ ዓለምን ያስጨነቀው፣ በ1912 አንድ ሰው ወጥቶ ስለ ለካው ነው። መነሻው ባይታወቅ ኖሮ ጉድለቱም ባልታወቀ ነበር። ከትናንት የተጻፈ ነገር የሌለው ሰው ዛሬ ያየውን ሁሉ ሙሉ አድርጎ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ወደ እንጦጦ መስክ ስመለስ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የመስኩን መነሻ የለካው ማን ነው? ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በፊት ከአራዳ የተነሣ ሰው በመስከረም ወር የመጀመሪያውን አደይ ያገኘው የት ላይ ነበር? ዛሬስ የት ነው? ሽማግሌዎቻችን ሲናገሩ «ያኔ እዚህ ድረስ አበባ ነበር» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ የእጅ ምልክት ግን መዝገብ አይሆንም።

መስኩ የሚጠበበው ክፉ ሰው ስለ ተነሣበት አይደለም። ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ከተማ ይሰፋል፤ ሱሉልታም ራሷ ከተማ ሆናለች። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የሱሉልታ መስክ ባዶ መሬት አልነበረም፤ የድርቆሽ መሬት ነው። ባለ መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ከብት ሳያስገባ ጠብቆ፣ ሣሩ ሲደርስ አጭዶ፣ ለአዲስ አበባ የወተት ከብቶች ይሸጠዋል። አደይና ማገጥ ያንን ሁሉ ዘመን የኖሩት በዚህ ጥበቃ ጥላ ሥር ነው። የአውሮፓው የአበባ መስክም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ገበሬው በየዓመቱ ስለሚያጭደውና ከብት ስለሚያግድበት እንጂ እንዲሁ ቢተው ኖሮ ብዙው ወደ ጥሻና ወደ ደን ይለወጥ ነበር። በመሆኑም መስክ የሚኖረው ከሱ የሚተዳደር ሰው እስካለ ድረስ ነው። ድርቆሹ ካላዋጣ መስኩ ይሸጣል፤ መስኩ ሲሸጥ አበባው ይሄዳል። አበባውን የሚወድ የከተማ ሰው የወተቱንና የድርቆሹን ዋጋ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ሊቆጥረው አይገባም።

ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁትም የአደይ ዘር ጉዳይ እዚህ ይገባል። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነ፣ አንድ መስክ ዘሩ ከመራገፉ በፊት ቢታረስ፣ ቢታጨድ ወይም ከሥሩ ቢነቀል፣ ጉዳቱ የሚታየው በዚያ ዓመት አይደለም፤ በሚቀጥለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰው ደግሞ ምን እንደ ጎደለ አያውቅም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አበባ እቅፍ አድርገው ለመሸጥ ወደ አራዳ የሚወርዱትን ልጆች ተዋቸው አልልም፣ ውቀሱአቸውም አልልም። እንቁጣጣሽ ያለ አደይ፣ ደመራም ያለ አደይ ምን ውበት አለው? በጎጃምም እንግጫ የሚነቅሉ ልጃገረዶች ልማዱን ከእናቶቻቸው ተቀብለው እስከ ዛሬ አድርሰውታል። ነገር ግን ከሥሩ መንቀልና አበባውን ብቻ መቁረጥ አንድ አይደሉም። ይህን ለልጅ ማስተማር ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እኛ የአራዳ ሰዎች ስለ መዝገብ ዋጋ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ስለ ሥራው ጥቅምና ጉዳት ሰው የተለያየ አሳብ ነበረው። አንድ ነገር ግን ሁሉንም አንድ ያደረገ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ መፈለግ ጀመረ። ያ ደጃፍ የት ላይ ነበር? ያ መቃን ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? የሚያውቁት ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የጻፈው ግን ጥቂት ነበር። ቤት ሲፈርስ ቢያንስ ድምፅ ይሰማል፤ አቧራም ይነሣል። መስክ ሲጠፋ ድምፅ የለውም። አንድ ዓመት በዚህ ጥግ፣ አንድ ዓመት በዚያ ጥግ እያለ፣ እንደ ግግር በረዶው ሁሉ ከዳር ወደ መካከል ይሟሟል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ትንሽና የማያስወጣ ነው። በየዓመቱ ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ባለው ሁለተኛ እሑድ፣ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ከአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ተነሥተን፣ በተናገርሁት መንገድ እስከ እንጦጦ ራጉኤል እንሂድ። ከእኛ ጋር ልጆቻችንና ተማሪዎቻችን ይምጡ። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ሳምንቱም አንድ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ንጽጽር አይገኝም። አንድ ደብተር ይያዝና በየዓመቱ አምስት ነገሮች ብቻ ይጻፉበት። አንደኛ፣ ሰው ያልተከለው የመጀመሪያው አደይ የተገኘው የት ላይ ነው? ሁለተኛ፣ ከማርያም እስከ ራጉኤል ባሉት በተመረጡ አምስት ሥፍራዎች፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ስንት ዓይነት አበባ ተቆጠረ? ሦስተኛ፣ ከተራራው ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲታይ መስኩ እስከ የት ይደርሳል? ይህ በየዓመቱ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በፎቶግራፍ ይነሣ። አራተኛ፣ ድርቆሹ ታጭዷል ወይስ ገና ነው? አምስተኛ፣ ዝቋላ ታይቷል ወይስ አልታየም? ይህ የመጨረሻው ለአየሩ ጥራት ምልክት ይሆናል። ደብተሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ውጤቱም በየዓመቱ በዚህ መጽሔት አንድ ገጽ ይሰጠው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ይህ ጥናት ነው ወይስ ሽርሽር?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ሁለቱንም ነው። የተማረ ሰው ሁሉ የተፈጥሮ ተመራማሪ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን መቁጠርና መጻፍ ለሚችል ሰው ያየውን ሳይጽፍ መቅረት ዕዳ ነው። «አንድ ደብተር መስክ ያድናል ወይ?» የሚልም ይኖራል። ብቻውን አያድንም። የኪሊማንጃሮም ካርታ በረዶውን አላዳነውም። ነገር ግን ስለ መሬት አጠቃቀም የሚወስኑ ባለሥልጣኖች ፊት ቀርቦ «በዚህ ዓመት እዚህ ነበር፤ በዚህ ዓመት እዚህ ደረሰ» ብሎ የሚናገር ሰውና «ያኔ ብዙ አበባ ነበር» ብሎ የሚያዝን ሰው እኩል አይደመጡም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ እንደሚያሳየን ተራራው የሰው ዐይን የማያርፍበት ሥፍራ መሆኑ ቀርቷል፤ ብዙ ሰው ይወጣበታል፤ ብዙ ውሳኔም ይደረግበታል። ከውሳኔው በፊት ቁጥር ቢኖር ለሁሉም ይበጃል።

እቴጌ ጣይቱ ለከተማችን ስም ሲያወጡላት አዲስ አበባ አሏት። ስሙ ዛሬ በየማኅተሙና በየደብዳቤው ራስጌ ላይ ስላለ፣ ትርጕሙን ልብ ብለን የምንሰማው በመስከረም ብቻ ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ገና ባዶ ነው። ጉባኤው አሳቡን ከተቀበለው፣ ስማችሁን ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ ካሬውን የምንለካበት ገመድና አራት ካስማ ማዘጋጀቱን ለእኔ ተዉልኝ።